ውሃና መብራት በአንድ ሳጥን

መቼም በአገራችን ወግ ውሃና መብራት አብረው ስማቸው የሚነሣው ሁለቱም ሲጠፉ ነው። በተረፈ ግን እንዳይገናኙ ተመክረን ነው ያደግነው። በእርጥብ እጅህ ማብሪያውን አትንካ፣ ሲዘንብ ሶኬቱን ንቀል፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ውሃ አታስቀምጥ... ይህን ሁሉ ሰምቶ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ተነሥቶ «ኮምፒውተሬ ውስጥ ውሃ ልሞላ ነው» ቢል ቤተሰቡ ጸሎት ቢያስደርግለት አይፈረድባቸውም።

እናላችሁ፣ እኔና ጓደኛዬ ጪጩ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ፣ በመስታወት የተሸፈነ የዩቲዩብ ኮምፒውተር የጠበቀ አንባቢ ካለ ግን ከአሁኑ እንሰነባበት። የእኛው መልኩ አያምርም። ላወጋችሁ የፈለግሁት በየመንገዱ ስለገጠመን እንቅፋትና እንቅፋቱን ስላነሡልን ሰዎች ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በሕይወታቸው ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም።

ጪጩን ለማታውቁ፦ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ስትወጡ፣ ብዙም ሳትርቁ የምታገኟት ናት። ባጃጅ ያደርሳችኋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና። ይህ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና አንድ ላይ የሚኖሩበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ለኮምፒውተር ማቀዝቀዣ የሚሆን ፓምፕ ፍለጋ ለወጣ ሰው ግን ቅርስነቱ ብዙም አይረዳውም።

ጓደኛዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ሥራው የሚበዛው ጥር ላይ ነው። ጥር ደግሞ በእኛ አካባቢ ፀሐዩ የሚከርርበት ወር ነው። የድሮ ላፕቶፑ የሁለት ሰዓት ሠርግ ጨርሶ ለማውጣት ሰባት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ሙሉ መብራት አይጥፋ ብሎ መጸለይ የሥራው አንድ አካል ሆነ። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ጭልም! ከዚያ እንደገና ከዜሮ። ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን ጨርሰው መጥተው «ቪዲዮአችንስ?» ይላሉ። አንዳንዶቹ የልጅ ክርስትና እስኪደርስ የሚጠብቁ ይመስል ነበር።

ችግሩ የመብራቱ ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሥራው ይረዝማል። ሥራው ሲረዝም መሀል ላይ መብራት የመጥፋቱ ዕድል ይጨምራል። በሌላ አነጋገር፣ የሚያሞቀውን ነገር ብናበርድለት ከመብራት ኃይል ጋር በሚያደርገው ሩጫ የማሸነፍ ዕድሉ ይሰፋል ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ስሌት ነው።

*

ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ።

ኮምፒውተር የሚበላው መብራት ከሞላ ጎደል መጨረሻው ሙቀት ነው። ጓደኛዬ በሰው በሰው ያገኘው ያገለገለ ማሽን አንጎሉ ኢንቴል ኮር አይ ሰቨን 8700ኬ ሲሆን መደበኛ የሙቀት ልኩ 95 ዋት ነው። የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ፣ 250 ዋት። ሲደመር 345 ዋት። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነውና የምጣድ አንድ አሥረኛ ያህል እሳት መሆኑ ነው። ልዩነቱ ይህ እሳት የሚነደው ከቴምብር ብዙም በማይበልጡ ሁለት የሲሊከን ቁራጮች ላይ መሆኑ ነው።

ይህን ሙቀት አብዛኛው ኮምፒውተር በአየር ያወጣዋል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እስኪሞቅ የሚሸከመውን ሙቀት ለመሸከም ግን ከ3,000 ሊትር በላይ አየር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ፋን እኛ ጋ መጥቶ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው።

«ታዲያ ትልቅ ፋን አትገዙም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የግራፊክስ ካርዱ በርካሽ የተገኘው ፋኖቹ ስለሞቱ ነው። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ፋን ፈልገን አጣን። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ግን ለዚያው ካርድ የተሠራ ያገለገለ የውሃ ብሎክ አገኘሁ አለ። ብሎክ ማለት የመዳብ ሳህን ነው፤ አንዱ ፊቱ ከሚግለው ቺፕ ጋር ይጣበቃል፣ በውስጡ ውሃ ያልፋል። ውሃው ሙቀቱን ይዞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ራዲያተሩ ላይ ፋን ያራግብበታል፣ የበረደው ውሃ በፓምፕ ተመልሶ ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። የእኛ ፓምፕ በደቂቃ አራት ሊትር ያህል ቢገፋ ውሃው 345ቱን ዋት ተሸክሞ አንድ ዙር ሲዞር የሚሞቀው በአንድ ዲግሪ ከምናምን ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። የአይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91 በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሬይ 2 ጭራሽ ሰርኪውቱ በሙሉ መብራት በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ በየቤታቸው ይህን የጀመሩ የፈረንጅ ልጆች ደግሞ የተዘጋጀ ዕቃ የሚሸጥላቸው ስላልነበረ የዓሣ ገንዳ ፓምፕና የመኪና ሂተር ራዲያተር ይጠቀሙ ነበር። ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

*

ገንዘቡ የአባቱ ነበር። የ2016ን የእሸት ቡና ሽያጭ የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር አስቀምጠውት ነበር። ልጃቸው ቆርቆሮው አንድ ዓመት ይቆይልኝ ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ውሃና መብራት ምን አገናኛቸው?»

ጓደኛዬ ስለ ዋትና ስለ ዲግሪ ሊያስረዳ ሲጀምር አባቱ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ስለ ድሮው ወፍጮ ቤት ጠየቅኋቸው። የናፍጣ ሞተሩ አጠገብ ውሃ የሞላ በርሜል ይቀመጥ አልነበር? ከሞተሩ ወደ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ የሚሄዱ ሁለት ቱቦዎች አልነበሩትም? ሽማግሌው ሳቁ። «እህል አስፈጭተን እስኪያልቅ በዚያ ሙቅ ውሃ እጃችንን እንታጠብ ነበር» አሉ። ቀጥለው «መብራት ሲጠፋስ? ውሃው ሲቆም አይቃጠልም?» አሉ። ይህ አዲስ አበባ ያለ አንድ የኮምፒውተር ባለ ሱቅ እንኳ ያልጠየቀን ጥያቄ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል፣ እሳቱም አብሮ ይቆማል፤ አይቃጠልም። «እንግዲያውስ ወፍጮ ነው» ብለው ገንዘቡን ሰጡ።

ገንዘቡ በእጃችን እያለ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ቀን በፊት ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፓምፑ ተገዝቷል፣ ብሎኮቹ ተገዝተዋል፣ ራዲያተሩ ግን ገና ነበር። ቡናው በብር ተሸጧል፣ ራዲያተሩ በዶላር ይገዛል። ከዚህ በላይ ኢኮኖሚክስ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። በመጨረሻ «ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው» ተብሎ የተጻፈበት፣ በዋጋው ሻል ያለ አንድ ራዲያተር በሰው ሻንጣ ተጭኖ መጣልን።

ጥቅምት 2017 ላይ መገጣጠም ጀመርን። የውሃ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ሳትፈትን አታብራ። የፓወር ሰፕላዩን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኝታችሁ ፓምፑን ብቻ ታስነሣላችሁ፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ መብራት አያገኝም። በየመገጣጠሚያው ሥር ሶፍት ታነጥፋላችሁ። ከዚያ 24 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። የሠርግ ዋዜማ ይመስላል፣ እንቅልፍ የለም።

ዘጠነኛው ሰዓት ላይ አንዱ ሶፍት ረጠበ። የአንድ ሳንቲም ያህል ስፋት ብቻ። ግን እኮ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው! አጠፋን፣ አፈሰስን፣ ፈታን። ፊቲንጉ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ የሚሏት፣ ከነዕቃው ስትመጣ ተሰንጥቃ ነበር። ከውጭ እናስመጣ ብንል የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። የሚመጣ ሰው መጠበቅ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወደ ዲላ ወረድንና አንድ የባጃጅ መለዋወጫ ቤት ገባን። ልጁ የተሰነጠቀችውን ተቀብሎ በጣቶቹ መሀል አሽከረከራት፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቀለበት ደፋልን፣ ሦስት መርጦ ሰጠን። ለምን እንደምንፈልጋት እንኳ አልጠየቀም። ያቺ የባጃጅ ቀለበት እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላሳለፈችም።

ኅዳር ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና ፓወር ሰፕላዩን ወሰደው። ሌላ ያገለገለ ተገዛ፤ ስታብላይዘርም አብሮ ተገዛ። ስለዚህኛው ብዙ አላወራም፣ ከእናንተ መሀል ያልደረሰበት ካለ እጁን ያውጣ።

*

ከዚያ ሠራ። አንጎሉ ሲጨናነቅ ከ68 ዲግሪ አያልፍም ነበር። ሠርጉ ሁለት ሰዓት፣ ሥራው አንድ ሰዓት ከምናምን። ይህ ሁሉ የውሃው ውለታ አይደለም፤ ማሽኑ ራሱም ከላፕቶፑ በብዙ ይሻላል። ግን ሳይደክም የሚሮጠው በውሃው ነው።

ጥር ገባ፣ ሠርግ ተደራረበ፣ ዲግሪውም መውጣት ጀመረ። 72፣ 77፣ 83፣ 88። ውሃው ደፈረሰ። በማጠራቀሚያው ግርጌ ግራጫ ነገር፣ የአመድ ውሃ የመሰለ፣ ተቀመጠ። ኢንተርኔት ላይ ያነበብነው ሁሉ ይለያያል፤ አንዱ አልጌ ነው ይላል፣ ሌላው ቱቦው ነው ይላል። ዘጠኝ ሠርግ ተረክበን፣ ቀብድ ተበልቶ፣ ማሽኑ በየቀኑ እየሞቀ። ጓደኛዬ ማታ ማታ ስለ አዲስ አበባ ማውራት ጀመረ። እዚያ ሄዶ በሰው ስቱዲዮ ተቀጥሮ የአባቱን ገንዘብ በየወሩ ስለ መመለስ።

ራዲያተሩን ይዘን ዲላ ወዳሉ አንድ የመኪና ራዲያተር ሠሪ የሄድነው ተስፋ አድርገን ሳይሆን ውስጡን እንዲያጥቡልን ብቻ ነበር። ሰውየው ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። «ቀለለኝ» አሉ። ከኪሳቸው ሚስማር አውጥተው በጥቁሩ ቀለም ጠርዝ ላይ ጫር አደረጉት። ነጭ ብረት ብልጭ አለ።

«መዳብ ነው ተብሎ ነው የተሸጠልን ጋሼ» አልን።

«መዳብ ቢሆን ቀይ ይወጣው ነበር። ይሄማ ድስት ነው!»

ነገሩ ገባችሁ? አሉሚኒየም ነው። ብሎኮቻችን መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም፣ በመሀላቸው ውሃ። ቮልታ በ1800 እ.ኤ.አ. ባትሪን የሠራው ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ እያገናኘ ነው። እኛ ደግሞ ሳናውቀው የተሸጠልን ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ሳይሆን ቀስ ብሎ ራሱን የሚበላ ባትሪ ነበር። በእንዲህ ያለ ጋብቻ ሁልጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የተበላው ደግሞ ግራጫ ጭቃ ሆኖ በመዳቡ ብሎክ ውስጥ ባሉት ፀጉር በሚያካክሉ ቦዮች መሀል ይሰገሰጋል። ውሃው መንገድ ያጣል፣ ዲግሪው ይወጣል።

ጋሼ ይህን በቮልታ ስም አያውቁትም። «ሁለት ብረት በአንድ ውሃ አይኖርም፣ አንዱ አንዱን ይበላዋል» ነው ያሉት። ስንት መኪና ላይ አይተውታል።

«ምን ይሻላል?» አልን።

ከጓሯቸው ገብተው ከድሮ መኪና የወጣ አንድ ትንሽ የሂተር ራዲያተር ይዘው መጡ። ሂተር ማለት ብርድ አገር ላይ ለተሳፋሪው ሙቅ አየር የሚሰጠው ነው። «ዲላ ላይ ይሄን ማን ይፈልጋል?» ብለው ሳቁ። መዳብና ነሐስ ነው። ያስታወሳችሁት ካላችሁ፣ የፈረንጅ ልጆች ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የጀመሩት በዚሁ ነበር። እኛ ዶላር ስንጠብቅለት የነበረው ዕቃ ባጃጅ ተሳፍረን ከምንደርስበት ጓሮ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ ኖሯል።

ውስጡን በሙቅ ውሃ ደጋግመው አጠቡት። በአፉ ላይ ሁለት የሩብ ኢንች የነሐስ አፍ በየዱልን። የኮምፒውተር ፊቲንግ ጥርሱ ሩብ ኢንች ነው፤ የአየር ኮምፕረሰር ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ አንዱን አፍ ደፍነው በሌላው አየር እየሞሉ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ጎሚስታው ከመነዳሪ እንደሚፈትነው መሆኑ ነው። አረፋ የለም። ቤት ተመልሰን ብሎኮቹን ፈትተን በሎሚና በጥርስ ብሩሽ አጸዳናቸው። አዲስ ዲስትልድ ውሃ ሞላን፤ ዝገት የሚከላከል የመኪና ኩላንትም ጨመርንበት። (ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ በውሃ ጠርሙስ እንዳታስቀምጡት።) ሶፍቱን አንጥፈን 24 ሰዓት ጠበቅን። ደረቅ።

66 ዲግሪ።

*

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ማሽኑ አሁንም ይሠራል። በየስድስት ወሩ ውሃው ይቀየራል፣ የወጣው ውሃ በነጭ ብርጭቆ ተደርጎ በፀሐይ ይታያል፤ እስካሁን ጥሩ ነው። ሂተሩ ከሳጥኑ ስለማይገባ በላዩ በሽቦ ታስሮ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ጓደኛዬ «ወፍጮ ነው» ይላል።

ውሃው ተአምር አይሠራም። ሙቀትን አያጠፋም፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግራል እንጂ። 345ቱ ዋት ከቺፑ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚበተነው፤ ጥር ላይ መስኮት ካልተከፈተ እኛው ነን የምንቀቀለው። እንዲሁም ገንዘብ ያለውና አዲስ ዕቃ በቀላሉ የሚያገኝ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም፤ ጥሩ ፋን ይግዛና ይተኛ።

እኔን ያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ የዚህ አካባቢ ልጆች አንድ ከበድ ያለ ነገር ስናስብ ዓይናችን ቶሎ ብሎ የሚያየው ወደ ሰሜን ነው፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ካልሆነም ዱባይ። ፓምፑና ብሎኩ ከውጭ መምጣታቸው እውነት ነው፣ ያንን ጪጩ ላይ አንሠራውም። በተሰናከልን ቁጥር ያነሣን ዕውቀት ግን የባጃጅ መለዋወጫ ቤት፣ የራዲያተር ሠሪ ጓሮና የሽማግሌው ትዝታ ውስጥ ነበር። የጎደለው ገብቶ የሚጠይቅ ነው። እነሱም «ስለ ኮምፒውተር እኛ ምን እናውቃለን» ብለው ዝም ይላሉ፣ እኛም «እነሱ ምን ያውቃሉ» ብለን እናልፋቸዋለን። ሁለታችንም ተሳስተን።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ አልሄደም። ዘጠኙም ሠርግ በቀጠሮው ባይሆንም ደረሰ። ባለፈው ግንቦት የአባቱ ቤት ጣሪያ ተቀየረ፤ ከቆርቆሮው ግማሹ የቡና ነው፣ ግማሹ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ሽማግሌው ዝናብ ሲመታው ድምፁ ከድሮው ይበልጣል፣ አያስተኛም እያሉ ያማርራሉ።